እንከን ያለበትን የፀረ ጭፍጨፋ ዘመቻ እንደግፍ ወይስ እንተወው?

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ የምንሰባሰብ የንባብ ማኅበር አለን። አንድ የውጭ አገር የቅስቀሳ ቡድን በሱዳን፣ ዳርፉር ውስጥ ስላለችው ስለ ኤል ፋሸር ጭፍጨፋ የሠራውን አጭር ፊልም በአዳራሽ እንድናሳይለት፣ ለአፍሪካ ኅብረት የሚገባ ፊርማ እንድናሰባስብለት፣ ቲሸርትና የእጅ አምባር ያለበት ጥቅልም እንድንሸጥለት ጠይቆናል። ፊልሙን አይተነዋል። ግፉ እውነት መሆኑን የሚጠራጠር ከመካከላችን የለም። ግን ቢያንስ ሁለት ምስሎች ከዚህ ጦርነት በፊት የተቀረጹ ይመስላሉ። ሱዳናውያን ሲያለቅሱ እንጂ ሲናገሩ አይሰሙም። ማን ማንን እንደሚወጋ በሁለት ዓረፍተ ነገር ታልፏል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «የምትሰጡት ገንዘብ 100 በመቶ ለተጎጂዎች ይደርሳል» ይላል።

ግማሹ አባል ሰው እያለቀ ስለ ፊልም ጥራት መከራከር ነውር ነው ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ የተዛባ ነገር በስማችን አናሳይም ብሏል። ጉዳዩን የምታውቁ ሰዎች፣ የትኛው እንከን ይታለፋል? የትኛውስ አይታለፍም?

ቀበና ማዶ

ማለዳ፣ ጥያቄህ በደንብ የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ኡጋንዳዊው የአማፂ መሪ ጆሴፍ ኮኒ በወጣው ፊልም ስለሆነ ከዚያ ብንጀምር ይሻላል። ኢንቪዚብል ችልድረን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የ30 ደቂቃውን ፊልም ማርች 5 ቀን ለቀቀ፤ በስድስት ቀን ውስጥ 100 ሚሊዮን ጊዜ ታየ። እንከኑ አንተ ከዘረዘርከው ጋር ይመሳሰላል። የኮኒ ጦር ከሰሜን ኡጋንዳ የወጣው በ2006 አካባቢ ነው፤ ፊልሙ ሲወጣ ኮንጎ፣ ማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክና ደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ የተበተነ ጥቂት መቶ ታጣቂ ነበር። ተመልካቹ ግን የሰሜን ኡጋንዳዋ ጉሉ ዛሬም እየነደደች ነው ብሎ ተነሣ። ታፍነው የተወሰዱት የ30 ሺህ ሕፃናት ቁጥር የሁሉም ዓመታት ድምር ግምት ሆኖ ሳለ ሰዉ በዚያው ዓመት ጫካ ያለ ሠራዊት መሰለው። የኡጋንዳ ጦር ራሱ ስለፈጸመው በደል የተባለ ነገር የለም። ፊልሙ ሊራ ከተማ ለሕዝብ ሲታይ ከግፉ የተረፉ ሰዎች ተቆጥተው ድንጋይ ወረወሩ፤ ዘመዶቻቸውን የገደለው ሰው ፊት በቲሸርትና በፖስተር ላይ ታትሞ ሲሸጥ ማየት አልቻሉም።

ይህን ሰምቶ «በቃ፣ ከንቱ ነበር» ማለት ይቀላል። እኔ ግን አልልም። ፊልሙ የጠየቀው ነገር ጠባብና የተወሰነ ነበር፦ ኦባማ በኦክቶበር 2011 የላካቸው 100 ያህል ወታደራዊ አማካሪዎች ሥራቸውን ሳይጨርሱ እንዳይመለሱ። የሚጠየቀው አካል ይታወቃል፤ የሚወስነውም እሱ ነው። ድርጅቱ ከፊልሙ በተጨማሪ ብዙ ሰው ያላየው ሥራ ነበረው። ኮንጎና ማዕከላዊ አፍሪካ ውስጥ ስልክ በማይደርስባቸው መንደሮች የረጅም ርቀት ሬዲዮ ተተክሎ ጥቃት ሲፈጸም ለጎረቤት መንደር ማስጠንቀቂያ ይተላለፍ ነበር፤ ጥቃቱም በካርታ ላይ ይመዘገባል። ታጣቂዎች እጅ እንዲሰጡ በራሳቸው ቋንቋ በኤፍኤም ይነገራል፣ በራሪ ወረቀት ከሰማይ ይበተናል። ወረቀቱ ላይ ቀድመው የወጡ ጓደኞቻቸው ፎቶግራፍና የትኛው ሰፈር ሄደው እጅ መስጠት እንደሚችሉ ነበር የሚታተመው። አንዱ አዛዥ ዶሚኒክ ኦንግዌን በጃንዋሪ 2015 እጁን ሰጠ፣ በ2021 ዘ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በ61 ክሶች ጥፋተኛ ተብሎ 25 ዓመት ተፈረደበት። ኮኒ ግን እስካሁን አልተያዘም። አሜሪካና ኡጋንዳ ፍለጋውን በ2017 አቁመዋል፤ ፍርድ ቤቱ ክሱን በሌለበት የሰማው በሴፕቴምበር 2025 ነው።

ስለዚህ የእኔ መለኪያ ዘመቻው የሚጠይቀው ነገር ነው። የተሳሳተ ምስል ይቆረጣል። ቁጥር ይታረማል። ሱዳናዊ ተናጋሪ ይጨመራል። ጥያቄው ራሱ ስህተት ከሆነ ግን ፊልሙ ባማረ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። «ዓለም ይወቅ» ብቻ ከሆነም የትም አይደርስም፦ ያን ሁሉ ሚሊዮን ያየው ፊልም ኤፕሪል 20 ሌሊት ከተሞችን በፖስተር እንሸፍናለን ብሎ ቀጥሮ የወጣው ሰው በጣም ጥቂት ነበር።

ለገሃር

ከቀበና ማዶ ጋር በግማሹ እስማማለሁ፤ በግማሹ ግን አልስማማም። እንከን ያለበት ዘመቻ ሲከሽፍ የሚባክነው ገንዘብና ጉልበት ነው። የሚያስፈራው ሲሳካ ነው።

የኮንጎን ማዕድን እንይ። በምሥራቅ ኮንጎ የሚፈጸመው መድፈርና ግድያ ስልካችን ውስጥ ካለው ማዕድን ጋር የተያያዘ ነው የሚለው ቅስቀሳ አሜሪካ ውስጥ ተሳካ። በጁላይ 2010 ኩባንያዎች የቆርቆሮ፣ የታንታለም፣ የተንግስተንና የወርቅ ምንጫቸውን እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ አንቀጽ ሕግ ሆነ። በሴፕቴምበር የኮንጎው ፕሬዚዳንት ካቢላ በሰሜንና በደቡብ ኪቩ እንዲሁም በማኒዬማ ማዕድን ማውጣትን አገዱ፤ እገዳው እስከ ማርች 2011 ቆየ። ከዚያ በኋላም ገዢዎች ጣጣውን ፈርተው ከአካባቢው መግዛት ተዉ። በአካፋና በዶማ ቆፍሮ የሚያድር ሰው የልጁን የክሊኒክ ክፍያ ያጣው ያኔ ነው። በኋላ የተሠራ ጥናት ሕጉ በነካቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት መጨመሩን አሳይቷል። ታጣቂው ደግሞ ቆርቆሮውን ትቶ ወደ ወርቅ ዞረ፤ ወርቅ በኪስ ይሻገራልና።

የእኛንም አንርሳ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የኮረም ምስል ዓለምን አንቀሳቅሶ ብዙ ሕይወት አድኗል፤ ይህን የሚክድ ያጠፋል። ነገር ግን ለጋሹ ሕዝብ ረሃቡ የድርቅ ብቻ ተደርጎ ስለተነገረው ከጀርባው ያለውን ጦርነት አላየም። የዕርዳታ እህል ባለበት ሰው እየተሰበሰበ ወደ ሰፈራ ሲጫን የጮኸው የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1985 ከአገር ተባረረ። ያልተባረሩት አብዛኞቹ ዝም አሉ፤ ከተናገሩ በሩ ይዘጋባቸዋል። በጠቅላላው ወደ 600 ሺህ ሕዝብ ነው ወደ ደቡብ ምዕራብ የተወሰደው፤ ከሌላ ሰብአዊ ድርጅት አፍ የሰማ ለጋሽ ግን ጥቂት ነበር። «ማን ማንን እንደሚወጋ በሁለት ዓረፍተ ነገር ታልፏል» ያልከው እንከን እንግዲህ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው፣ ምስሉ አይደለም።

ዳርፉርም ላይ እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ሴቭ ዳርፉር የተባለው የአሜሪካ ዘመቻ ማስታወቂያ 400 ሺህ ሞተዋል የሚለውን እንደ ተረጋገጠ ሐቅ ሳይሆን እንደ አስተያየት ማቅረብ ነበረበት ብሎ ወሰነ። ሌሎች ግምቶች ከዚያ በታች ነበሩ። ካርቱም ስለ ግድያው ከመጠየቅ ይልቅ ስለ ቁጥሩ ለምታነሣው ክርክር ያንን ውሳኔ አገኘች።

ቀበና ማዶ

ለገሃር፣ የኮንጎው ምሳሌህ የእኔኑ ነጥብ ነው የሚያጠናክረው፦ ችግሩ ጥያቄው ነበር። ዳርፉርን ግን በግማሹ ነው የተናገርከው። ያ የተጋነነ ዘመቻ ከፈጠረው ግፊት መካከል ነው የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በማርች 31 ቀን 2005 የዳርፉርን ጉዳይ ወደ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የመራውን ውሳኔ 1593ን ያሳለፈው። ፍርድ ቤቱን አጥብቃ ትቃወም የነበረችው አሜሪካ ድምጽን በድምጽ የመሻር መብቷን አልተጠቀመችም፤ ድምጸ ተአቅቦ አደረገች። በዚያ ውሳኔ መሠረት የጃንጃዊድ ሚሊሻ አዛዥ የነበረው ዓሊ ኩሸይብ በኦክቶበር 6 ቀን 2025 በ27 ክሶች ጥፋተኛ ተባለ። ሃያ ዓመት ፈጀ። ዘመቻው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዳክሞ ነበር፤ ምስክሮቹ ናቸው የጠበቁት። በፌስቡክ ላይ ለዳርፉር ከተሰበሰበው ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባል ውስጥ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ሳንቲም እንዳልሰጡ በኋላ ተጠንቷል። አባል መሆንና መሥራት ይለያያሉ። ቅስቀሳ በር ይከፍታል፤ ከበሩ በኋላ ለሚመጣው ሥራ ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ማለዳ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ምስሎቹ የቆዩ መሆናቸውን እርግጠኛ የምንሆነው እንዴት ነው? ላኪዎቹን ያለማስረጃ መክሰስ አልፈለግንም።

ሦስተኛ ካሜራ

ከፊልሙ ላይ የተጠራጠራችኋቸውን ትዕይንቶች በየሁለት ሰከንዱ አቁማችሁ ምስሉን አስቀምጡ። ኢንቪድ የተባለው የብራውዘር መሣሪያ ይህንኑ በራሱ ይሠራል። ከዚያ ምስሉን በጉግል ሌንስ፣ በያንዴክስና በቲንአይ ፈልጉት፤ ሦስቱም የተለያየ ነገር ስለሚያገኙ በአንዱ ብቻ አታቁሙ። ምስሉን ገልብጣችሁም ሞክሩ፦ የቆየ ቪዲዮ የሚሰርቁ ሰዎች ግራና ቀኙን ይለውጡታል። የምትፈልጉት በጣም ቀደም ብሎ የተጫነበትን ቀን ነው። የጦርነቱ መነሻ ኤፕሪል 15 ቀን 2023፣ የኤል ፋሸር ከበባ መጀመሪያ ሜይ 2024፣ ከተማዋ የሱዳንን ጦር በሚወጋው በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ የወደቀችው ኦክቶበር 26 ቀን 2025 ነው። ከእነዚህ በፊት የተጫነ ምስል ካገኛችሁ ገጹን የድረ ገጾች ማኅደር በሆነው ዌይባክ ማሽን ላይ አስቀምጡት፣ አገናኙን ለላኪዎቹ ላኩ፤ ክስ አይሆንም፣ የእርማት ጥያቄ ነው።

በፍለጋ ምንም ካልተገኘ ምስሉን ራሱን አንብቡ። ኤል ፋሸር ዝናብ የምታገኘው በአብዛኛው ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። «ኅዳር ላይ የተቀረጸ» የተባለ ትዕይንት ውስጥ ለምለም ሣርና ኩሬ ካያችሁ ወይ ቀኑን ወይ ቦታውን ጠርጥሩ። የሱቅ ጽሑፍ፣ የመኪና ሰሌዳ፣ የመስጊድ ሚናራ ቅርጽ፣ የውኃ ታንከር፣ ሁሉም ከሳተላይት ምስል ጋር ይመሳከራሉ። ሴንቲኔል ሁለት በነፃ ይገኛል፤ ግን አንዷ ነጥብ 10 ሜትር ስለሆነች የተቃጠለ ሰፈር ታሳያለች እንጂ ሰው አታሳይም። ከዚያ በላይ የጠራውን የሚያነቡ አሉ፤ የዬል ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ ምርምር ላቦራቶሪ ስለ ኤል ፋሸር በየጊዜው ያወጣቸው ዘገባዎች ለዚህ ይጠቅሟችኋል።

ላኪዎቹን ያልተቆረጠውን ፋይል ጠይቋቸው። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ከተላከ ይጨመቃል፣ የተቀረጸበት ቀንና ቦታ መረጃም ይጠፋል። «እንደ ፋይል» ብለው ይላኩ። ሲደርሳችሁ ሻ-256 የሚባለውን የፋይሉን መለያ ቁጥር (አሻራ) አውጥታችሁ ጻፉት፤ በኋላ አንድ ፍሬም እንኳ ቢነካ ቁጥሩ ይለወጣል።

ከቀኑ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ከኤል ፋሸር የወጡት ብዙ ቪዲዮዎች የተቀረጹት በገዳዮቹ በራሳቸው ነው፤ የሚቀርጹትም ለመፎከር ነው። እነሱን ሳይቆርጡ በአዳራሽ ማሳየት ፉከራውን ማሰራጨት ነው፣ የሟች ወንድም አዲስ አበባ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ፊልሙ ላይ የተደፈረች ሴት ከታየች ፊቷን በስሱ ማደብዘዝ አይበቃም፦ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፣ የሚደበዝዘውን መልሶ የሚያጠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ድምጿም ይለወጥ። ከኋላ ስሟን የሚጠራ ሰው ካለ ይቆረጥ። የጥልፍ ልብስ፣ የእጅ ጠባሳ፣ የበር ቀለም ብቻውን ሰው ያስለያል። ስምምነቷን ማን ወሰደ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ለምን አገልግሎት፣ ሐሳቧን ብትቀይር ማንን ታገኛለች? ለእነዚህ መልስ ከሌላቸው ያቺ ትዕይንት ትወጣለች። በዚህ አልደራደርም።

ሒሳብ ሹም

«100 በመቶ» ስለሚለው። ወጪውን ሌላ ሰው ካልሸፈነለት በቀር ይህን ማድረግ የሚችል ድርጅት የለም፦ የባንክ ክፍያ አለ፣ ማጓጓዣ አለ፣ ኦዲተር አለ። ጥቅሉን እንኳ እናስላ። 800 ብር ቢሸጥና ቲሸርቱ፣ ህትመቱና ማጓጓዣው 450 ብር ቢፈጅ የሚቀረው 350 ብር ነው፤ ይህ ገና ከ44 በመቶ በታች። የኮኒ ዘመቻ ላይም የተነሣው ትልቁ ቁጣ ይኸው ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ካወጣው ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር አፍሪካ ውስጥ ለነበረው ሥራ የዋለው ሲሶ ያህል ነው። ሌብነት አልነበረም፤ ፊልም መሥራትና ማስተማር ዋና ሥራችን ነው ብለው ጽፈዋል። 30 ዶላር ከፍሎ ፖስተርና አምባር የገዛው ወጣት ግን ገንዘቡ በቀጥታ ለልጆቹ የሚሄድ መስሎት ነበር። ማለዳ፣ ፊልሙ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር እስካልተነሣ ድረስ አንድ ሳንቲም አትሰብስቡ።

በአገራችን ሕግ በኩል፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የውጭ ድርጅት እዚህ ለመንቀሳቀስ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። የአስተዳደር ወጪውም ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የምዝገባ ምስክር ወረቀታቸውን ጠይቁ። ከሌላቸው እናንተ ሰብሳቢ፣ እነሱ ባለቤት የሚሆኑበት ነገር በእናንተ ላይ ነው የሚወድቀው። ሌላም ችግር አለ፦ በብር የተሰበሰበ ገንዘብ ለዳርፉር መላክ ማለት የውጭ ምንዛሪ ማለት ነው፤ ለማኅበር ቀላል መንገድ የለም። ገንዘቡ ለወራት በአንድ ሰው የግል ሒሳብ ወይም ቴሌብር ላይ ይተኛል፣ ጥርጣሬና ጠብ የሚመጣውም ከዚህ ነው። መስጠት የምትፈልጉ ከሆነ እዚሁ አገር፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ኡራ መጠለያ ላሉት የሱዳን ስደተኞች በተመዘገበ ድርጅት በኩል፣ በደረሰኝ ስጡ። በብር ይገዛል፣ በብር ይደርሳል። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁ በዶላር መስጠት ከፈለጉ ደግሞ በሱዳን ውስጥ የጋራ ወጥ ቤቶችን የሚያንቀሳቅሱት የድንገተኛ ምላሽ ክፍሎች በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች ሲወጡ እነሱ ሕዝቡን አልተዉትም።

ስብሰባው ወደ ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ካደላ ወይም ሰልፍ ካለበት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ማሳወቂያውን በሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር አስመቱ።

የስድስት ኪሎው

ልጆች፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ለኢትዮጵያ የቆመውን ሳምንታዊ ጋዜጣዋን ለንደን ላይ የጀመረችው ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ወገንተኛ ጋዜጣ ነበር፤ ከሩቅ በሚደርሳት ወሬ ላይ ትመሠረት ስለነበር ሁሉንም ልታጣራው አትችልም። የጠየቀችው ግን ግልጽ ነው፦ ብሪታንያ ለወረራው ዕውቅና እንዳትሰጥ። አልተሰማችም፤ በኅዳር 1931 ዕውቅናው ተሰጠ። እሷ ግን ጋዜጣውን አላቋረጠችም። የተቀበረችው ከእናንተ ሰፈር ቅርብ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።

ስለ ቁጥርም፣ የየካቲት 12 ሟቾች በኢትዮጵያ በኩል 30 ሺህ ይባላሉ፣ ከዚያ ያነሰ የሚገምቱ ተመራማሪዎች አሉ። ሐውልቱ ስድስት ኪሎ ቆሟል፤ ጭፍጨፋውን የሚክድ ግን የለም። ግምትን ግምት ብሎ መጻፍ ሟቹን አያሳንሰውም። ለገሃር ያነሣው የዳርፉር ነገር ሊደርስ የቻለው ግምቱ እንደ ቆጠራ ስለተጻፈ ነው።

ማለዳ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ለላኪዎቹ የምንጽፈውን እንዲህ አስበነዋል፦ ሁለቱ ትዕይንቶች እስኪጣሩ ይውጡ፤ 100 በመቶ የሚለው ይሰረዝ፤ ጥቅል አንሸጥም፤ ከፊልሙ በኋላ አዲስ አበባ የሚኖር ሱዳናዊ ስለ ጦርነቱ አመጣጥ ግማሽ ሰዓት ይናገር፣ ለጥያቄም ጊዜ ይኑር። እነዚህን ከተቀበሉ እናሳያለን። የፊርማው ወረቀት ግን «የአፍሪካ ኅብረት ጭፍጨፋውን ያስቁም» ነው የሚለው፤ ይህ አልተዋጠልንም።

ለገሃር

በነዚህ ቅድመ ሁኔታዎች ከሆነ ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ። ወረቀቱ ግን በደንብ መታረም አለበት። ሱዳን ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ከኅብረቱ እንቅስቃሴ የታገደች ስለሆነች «ያስቁም» የሚል ጥያቄ ማንም አንብቦ ፋይል ውስጥ ይከተዋል። የምትጽፉት ለኅብረቱ የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት ይሁን፤ 15 አባላት አሉት፣ ሊቀመንበርነቱ በየወሩ ይዞራል፤ ስለዚህ የወሩን ሊቀመንበር አገር አጣርታችሁ በኤምባሲውም በኩል ኮፒ አስገቡ። የምትጠይቁት አንድ ነገር ይሁን፦ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት የጦር መሣሪያ ማዕቀብ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሸፍነው ዳርፉርን ብቻ ነው፤ መሣሪያው በሌላው የሱዳን ክፍል ገብቶ ወደዚያው ይደርሳል። ማዕቀቡ ወደ መላ ሱዳን እንዲሰፋ በጸጥታው ምክር ቤት ያሉት ሦስቱ የአፍሪካ አባላት ሐሳብ እንዲያቀርቡ ጠይቁ። በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ ስለሚታደስ ደብዳቤያችሁ ቢዘገይ እስከ ጁላይ መግባት አለበት።

ሱዳናውያን ሲፈርሙ ሙሉ ስማቸውንና ስልካቸውን በአንድ ዝርዝር ላይ አታድርጉት፣ ፎቶ አንሥታችሁም ቴሌግራም ላይ አትለጥፉት፤ ቤተሰባቸው እዚያው ነው። ለእነሱ የተለየ ወረቀት አዘጋጁና በታሸገ ፖስታ ከዋናው ጋር አያይዛችሁ አስገቡ። እናንተ ግን በሙሉ ስማችሁ ፈርሙ።